ትንፋሽ ሲያጥር እግርም ይከዳል



ውድ አንባቢያን፣ በየቤታችን የምናየው፣ ነገር ግን አንዱን ከሌላው ጋር ሳናያይዝ የምናልፈው ነገር አለ። እናት ወይም አባት ሲያስሉ ይከርማሉ። ቀጥሎ ዳገት ላይ ቆም ቆም ማለት ይጀምራሉ። ከዚያ ገበያ መውጣት ይቀራል፤ ከዚያ መስጊድ፣ ከዚያም የጎረቤት ቡና። እንዲህ እያለ አንድ ቀን ውዱእ ሲያደርጉ ወይም የደጃፉን ደረጃ ሲወርዱ ይወድቁና ዳሌያቸው ይሰበራል። ቤተሰቡም «የእርሳቸው በሽታ ሳንባ ነበር፤ ይኼ ደግሞ ከየት መጣ?» ይላል። ብዙ ጊዜ የመጣው ከዚያው ከሳንባው ነው። በዛሬው ዓምዳችን ለማስረዳት የምንሞክረውም ይህንኑ፣ ማለትም ትንፋሽ፣ የወገብ አቋምና የእግር ሚዛን በአንድ ገመድ የታሰሩ መሆናቸውን ነው።

በቅድሚያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሲጋራን ነው። በእርግጥ በሀብታሞቹ አገሮች ከ10 ሕመምተኛ ከ7 በላይ የሚሆነውን ለዚህ ያበቃው ትንባሆ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። እንደ እኛ ባሉ አገሮች ግን የትንባሆ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው፤ የቀረውን ሸክም በብዛት የሚጋራው በቤት ውስጥ የሚጤሰው ጭስ ነው። በኢትዮጵያ ከ10 ቤተሰብ 9ኙ ያህል የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና ይህን በመሰለ ማገዶ ነው። ስለዚህ ሲጋራ በእጇ ነክታ የማታውቅ እናት የአጫሽ ሳንባ ይዛ ሐኪም ዘንድ ብትቀርብ ሊገርመን አይገባም። በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ ይህ በሽታ በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ከገዳይ በሽታዎችም በ4ኛ ደረጃ ላይ የሚገኝ ነው።

የደሴን ማድቤት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ከተማዋ ብርድ ናት። የጦሳ ጉም ሲወርድ በርና መስኮት ይዘጋል። ምጣዱ ሥር የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ይገባል፤ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ጎንበስ ብሎ እፍ ማለት ይመጣል። እፍ ብላ የጨረሰች ሴት መልሳ የምትስበው አየር የቱ ነው? ያው ጭሱን ነው። ሕፃኑም በጀርባዋ አዝላው ከሆነ አብሯት ይስባል። ይህ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከልጅነት እስከ እርጅና ሲደጋገም ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም። ማታ ማታ ደግሞ ቡናው ሲፈላ እጣኑ ይጨመርበታል። እጣን አይጨስ ልንል አይደለም፤ ግን የሚያስል ሰው ባለበት ክፍል በር መክፈት ምን ይጎዳል?

ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሌላ ነገር እናገኛለን። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ለስንቱ ቤተሰብ እንጀራ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ይሁን እንጂ የጥጥ ብናኝ ለሳንባ ጠላት መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። በአንድ የኢትዮጵያ የጥጥ ፋብሪካ በ595 ሠራተኞች ላይ ተደርጎ በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጥጡ በሚበተንበት ክፍል ከሚሠሩት 43.2 በመቶ፣ በሚበጠርበት ክፍል ካሉት ደግሞ 37.5 በመቶ የሚሆኑት ከጥጥ ብናኝ የሚመጣ የሳንባ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። የዚህ በሽታ ጠባዩ ልዩ ነው። ሠራተኛው ከዕረፍት ቀን ተመልሶ ሥራ በጀመረበት በመጀመሪያው ቀን ደረቱ ይጨመድደዋል፤ ሳምንቱ ሲገፋ ይለቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ብቻ ስለሆነ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እየቆየ ሲሄድ ግን ሳምንቱን ሙሉ የማይለቅ ይሆናል። ፋብሪካ የሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች «ሰኞ ሰኞ ደረቴን ያፍነኛል» ካሉ ነገሩን በቀላሉ አይመልከቱት።

በሳንባ ነቀርሳ ታክመው የዳኑትንም መርሳት የለብንም። ጀርሙ ቢጠፋም ጠባሳው ሳንባ ላይ ይቀራል፤ ትንፋሻቸውም አንዳንዴ እንደ ድሮው አይመለስም። አስምም ለረጅም ዓመታት በአግባቡ ካልታከመ እዚያው መንገድ ላይ ያደርሳል። ጋያና ሺሻ ከሲጋራ ይሻላል የሚለው ወሬ ፍጹም ሐሰት መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ለወጣቶቻችን ተናግረን እንለፍ።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በደሴ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ወደ 8 በመቶ ያህል ይጨምራል። «ኮምቦልቻ ስወርድ ደረቴ ቀለል ይለኛል» የሚል የሳንባ ሕመምተኛ ምኞቱን እያወራ አይደለም። ጤነኛ ደገኛ ግን በከፍታው አይቸገርም። በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን የደማቸው ኦክስጅን ዝቅ ባለ ቦታ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ ታይቷል። አላህ ለቦታው የሚሆን ጸጋ ሰጥቷቸዋል ማለት ነው። ሳንባው የታመመ ሰው ግን ይህ ትርፍ አቅም የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ሳንባ በራሱ ጡንቻ የለውም። የሚስበውና የሚገፋው ሌላ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው የትንፋሽ ጡንቻ ደረትን ከሆድ የሚለየው፣ እንደ መስጊድ ጉልላት ወደ ላይ የተደፋው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ነው። ትንፋሽ ስንስብ ጉልላቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ደረታችን ይሰፋል፤ አየር ይገባል። ስንለቀው ተመልሶ ይደፋል። ሥራው ይኸው ነው፤ ቀንም ሌትም አያርፍም።

የአንጥረኛን ወናፍ ያየ ሰው ቀጥሎ ያለውን ይረዳል። ወናፍ የሚነፋው ሲከፈትም ሲዘጋም ነው። እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የቀረ ወናፍ ምንም ያህል ቢጎተት ከዚያ በላይ አየር አይስብም። በሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ የሚሆነውም እንዲሁ ነው። ቱቦዎቹ ስለሚጠቡ የገባው አየር ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ እዚያው ይታሰራል። ሳንባው ተነፍቶ ይቀራል። ድያፍራሙም ወደ ታች ተገፍቶ ጉልላትነቱን ያጣና እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠፍጣፋ የሆነ ጡንቻ ደግሞ አጥሯል፤ ያጠረ ጡንቻም ጉልበት የለውም። ስለዚህ የአንገትና የትከሻ ጡንቻዎች ለእርዳታ ይመጣሉ። የታመመን ሰው ሲተነፍስ ካያችሁ የአንገቱ ጅማት ሲወጠር፣ ትከሻው ወደ ላይ ሲነሣ ታያላችሁ። ጤነኛ ሰው ለመተንፈስ ከሰውነቱ ኦክስጅን 5 በመቶ እንኳ አያወጣም። ሕመምተኛው ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ዝም ብሎ ተቀምጦ እያለ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ብዙዎቹ የሚከሱትም በከፊል በዚህ ነው።

የጡንቻውን ጉልበት መለካት ይቻላል። ሰውየው አፉን በአንድ ቱቦ ላይ ገጥሞ በሙሉ ኃይሉ እንዲስብ ይደረጋል፤ መሣሪያውም የሳበበትን ግፊት በሴንቲ ሜትር ውሃ ያሳያል። ከ80 በላይ ከሳበ ጉልህ ድካም የለበትም ይባላል። ከዚያ በታች የሆነው ይመረመራል።

እስካሁን ያነሳነው ስለ ትንፋሽ ብቻ ነው። ድያፍራም ግን ሁለተኛ ሥራ አለው፤ ሰውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ምሰሶም ነው። እስቲ እህል የሞላበትን ስልቻ አስቡ። አፉ ጠብቆ ከታሰረ ያለ ድጋፍ ይቆማል፤ ከላላ ግን ይጥመለመላል። ሆዳችንም ከላይ በድያፍራም፣ ከፊት በሆድ ጡንቻ፣ ከታች በዳሌ ጡንቻ የታሰረ ስልቻ ነው። በውስጡ ያለው ግፊት አከርካሪን ደግፎ ያቆማል። አውስትራሊያዊው የፊዚዮቴራፒ ተመራማሪ ፖል ሆጅስና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰው እጁን ቶሎ ወደ ላይ ሲያነሣ ድያፍራሙ ከእጁ ጡንቻ ቀድሞ ይኮማተራል። እጁ ሲወረወር ወገቡ እንዳይናጋ አስቀድሞ ያስራል ማለት ነው። ሱብሓነላህ! ይህን ሁሉ እኛ ሳናውቀው ነው የሚያደርገው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ሌላ ነገር ሞከሩ። ጤነኛ ሰዎችን ትንፋሽ እንዲያበዙ በሚያደርግ ሁኔታ አንድ ደቂቃ ያህል ካስተነፈሷቸው በኋላ ያንኑ የእጅ እንቅስቃሴ አሠሯቸው። የድያፍራሙ ወገብን የመደገፍ ሥራ ቀነሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ጡንቻ ሁለት ጌታ ሲያዝዘው የሚቀድመው ትንፋሽ ነው። ሰው ካልተነፈሰ ይሞታልና። ወገብ ግን ሊጠብቅ ይችላል። ጤነኛው ሰው በአንድ ደቂቃ እንዲህ ከሆነ፣ ዓመት ከዓመት ትንፋሽ የሚያሳድደው ሰው ወገቡን የሚያስርለት ምን ይቀረዋል?

በቤልጂየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በሳንባ ሕመምተኞች ላይ አይተውታል። ሰው ሲቆም ሚዛኑን የሚጠብቀው ከባትና ከቁርጭምጭሚት፣ እንዲሁም ከጀርባ ጡንቻ በሚመጣ መልእክት ነው። የትንፋሽ ጡንቻቸው የደከመባቸው ሕመምተኞች ግን የጀርባውን መልእክት ትተው በቁርጭምጭሚት ላይ ብቻ ይመካሉ። ሜዳ ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም። ነገር ግን የደሴን ኮረኮንችና ቁልቁለት አስቡት! ድንጋዩ ሲገለበጥ፣ ጭቃው ሲያንሸራትት ቁርጭምጭሚት የሚያመጣው ወሬ የማይታመን ይሆናል። ያኔ ሰውየው የሚይዘው ነገር የለም።

መውደቁም በቁጥር ተመዝግቧል። በካናዳ 101 ሕመምተኞች ለ6 ወራት ሲከታተሉ ከ3ቱ 1 ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወድቀዋል። በዚያው አገር በቶሮንቶ በ39 ሰዎች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ 46 በመቶዎቹ ባለፈው አንድ ዓመት ወድቀው ነበር። ይህ እንግዲህ መንገዱ በተስተካከለበት፣ ደረጃው መደገፊያ ባለው አገር ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበንን ነገር በግልጽ እንናገር። የቤተሰብ እዝነት ሳናስበው ሕመምተኛውን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ልጅ «እማ፣ አንቺ ተቀመጪ እንጂ፤ እኔ አደርገዋለሁ» ትላለች። እናትም «አብሽሪ ልጄ፣ ብርድ ነው» ብላ ትቀመጣለች። ዛሬ ውሃ መቅዳቱ ይቀራል፤ ነገ ማጀት መግባቱ፤ ከነገ ወዲያ ከመደቡ መነሣቱ። የወላጅ ሐቅ ትልቅ ነው፤ ልጅ መታዘዙም ዒባዳ ነው። ነገር ግን ያልተንቀሳቀሰ ጭንና ባት በጥቂት ሳምንታት ይሟሽሻል። የሟሸሸ ጡንቻ ትንሽ ሲሠራ ቶሎ ይዝላል፤ ቶሎ ሲዝል ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ትንፋሹ ሲያጥር ደግሞ «በሽታው ባሰ» ይባልና የበለጠ ይቀመጣል። ሳንባው ያው እንደነበረው ሆኖ ሰውየው ግን ይወርዳል። ማሳረፍ ያለብን ከጭሱ፣ ከአቧራውና ከከባድ ሸክም እንጂ ከመንቀሳቀስ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በሌላው ዓለም የትንፋሽ ጡንቻን በመሣሪያ ያሠለጥናሉ። ሕመምተኛው የሚስበው አየር በመጠኑ እንዲከብደው ተደርጎ፣ ከጉልበቱ 30 በመቶ ያህል ጀምሮ በየቀኑ ይለማመዳል። መሣሪያው በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ አይደለም፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ አንዘገይም። ለአብዛኛው ሰው የሚጠቅመው ከዚያ ቀላል ነው።

የመጀመሪያው ትንፋሽ ሲያጥር የሚደረገው ነው። ሰውየው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፍ፤ ወይም ተቀምጦ ክርኑን ጭኑ ላይ ያስደግፍ። ሩኩዕን የሚመስል አቋም ነው። ክንድ ሲደገፍ የትከሻ ጡንቻ ክንድ ከመሸከም ነጻ ወጥቶ ለትንፋሽ ይውላል። ሆድም ድያፍራሙን ከታች ገፍቶ ጉልላትነቱን ትንሽ ይመልስለታል። ከዚያ በአፍንጫው ይሳብና ከንፈሩን እንደሚያፏጭ ሰው አሹሎ በቀስታ፣ ከሳበበት ጊዜ እጥፍ በሚሆን ጊዜ ያውጣው። ሻማ ሳያጠፋ ነበልባሉን እንደሚያወዛውዝ ማለት ነው። ይህ ቱቦዎቹ ቶሎ እንዳይደፈኑ ስለሚያደርግ የታሰረው አየር ይወጣል። ሆድን እየነፉ መተንፈስ ለሁሉም ይጠቅማል የሚባለውን ግን አንቀበልም። ሳንባው በጣም ለተነፋበት ሰው ሥራውን ያበዛበታል፤ ከባለሙያ ጋር ካልሆነ ይቅርበት።

ሁለተኛው ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው። ወንበሩ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ። እየተነፈሰ፣ ማለትም አየሩን እያወጣ ይነሣ፤ ቆሞ ይሳብ፤ ቀስ ብሎ ይቀመጥ። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ 5 ጊዜ ለመነሣትና ለመቀመጥ ከ15 ሴኮንድ በላይ የሚፈጅበት ሰው የእግሩ ጉልበት እንደደከመ ይወቅ። መጀመሪያ ላይ በእጅ መደገፍ ነውር የለውም። ሚዛንን ለማለማመድ ደግሞ ግድግዳ አጠገብ፣ ሰው ባለበት፣ አንዱን እግር ከሌላው ፊት ተረከዝ ከጣት አስነክቶ መቆም፤ ሲለመድ በአንድ እግር። በአንድ እግር 5 ሴኮንድ መቆም የማይችል አዛውንት ወድቆ የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ይህ ልምምድ ፍሬ አለው። ከላይ ባነሣነው በካናዳ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ሙከራ፣ ሕመምተኞች ለ6 ሳምንታት በሳምንት 3 ቀን ሚዛን ሲለማመዱ ልምምዱን ካልወሰዱት በተሻለ ሁኔታ ጸንተው መቆም ችለዋል።

ሦስተኛው መራመድ ነው። ምን ያህል ፍጥነት? የቁርኣን ቤት ተማሪ የሆነ ሁሉ ወቅፍን ያውቃል፤ የት እንደሚቆምና የት ትንፋሽ እንደሚወሰድ። እየተራመደ ከአል-ፋቲሓ አጫጭር አያዎች አንዷን በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ያቃተው ሰው ፍጥነቱን ይቀንስ። ያለ ምንም ችግር ሁለት ሦስቱን አከታትሎ የሚቀራ ደግሞ ጨመር ያድርግ፤ ትንሽ ትንፋሽ ማጠሩ አይጎዳውምና። ግቢ ውስጥ ከበር እስከ ጓሮ መመላለስ ይበቃል። ዳገት ይቆይ።

ወደ መስጊድ ለሚሄዱት አንድ ነገር እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሶላት የሚመጣ ሰው በእርጋታ እንዲመጣ፣ እንዳይሮጥ፣ የደረሰበትን ሰግዶ ያመለጠውን እንዲሞላ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ኢቃማ ሰምተው በሸዋ በር ዳገት የሚሯሯጡ አባቶችን ስናይ ይህን ማስታወስ እንፈልጋለን።

ሶላቱ ራሱ ብዙ ሕመምተኞችን ያስጨንቃል፤ ጥያቄውም ብዙ ነው። ሱጁድ ላይ የሆድ ዕቃ ድያፍራሙን ወደ ላይ ስለሚጫን የደከመ ጡንቻ ያለው ሰው መታፈን ይሰማዋል። ከሱጁድ ሲነሣ ደግሞ ትንፋሹን ይዞ ስለሚነሣ ዓይኑ ይጨልማል፤ የሚወድቀውም ያኔ ነው። ዒምራን ኢብኑ ሑሶይን (ረ.ዐ) ስለ ሕመማቸው በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካቃታቸው በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ እንዳሏቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። መውረድ የማይችል ወንበር ላይ ተቀምጦ በምልክት ይሰግዳል፤ ለሱጁድ ከሩኩዕ ይበልጥ ዝቅ ይላል። መቆም የሚችለው ግን በሚችለው ይቁም። ለእርሱ ያም ዒባዳ ነው፤ ለጡንቻውም ልምምድ ይሆነዋል። ሁሉን ትቶ ቶሎ ወንበር ላይ መቀመጥ በሃይማኖቱም በሕክምናውም የሚመከር አይደለም። ስለ ጾምና ስለሚሳበው መድኃኒት የሚነሣው ጥያቄ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

ውዱእ የሚደረግበትን ቦታ ግን ሳንመለከተው አናልፍም። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ማጠብ ለጤነኛም አደጋ ነው። ጎንበስ ብሎ እግርን ማጠብ ደግሞ ሆድን ጨብጦ ትንፋሽ ያሳጥራል። በርጩማ ላይ ይቀመጡ፤ እግራቸውን ሌላ በርጩማ ላይ ያውጡ፤ ማንቆርቆሪያውን ልጅ ይያዝላቸው። በግድግዳው ላይ አንድ መያዣ ብረት ማስመታት ለአንድ ብየዳ ቤት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ልብስ ማስጣትም እንዲሁ ነው። እጅ ከራስ በላይ ሲነሣ የአንገት ጡንቻ ለትንፋሽ አይተርፍም፤ ገመዱን ወደ ደረት ቁመት ማውረድ ነው መድኃኒቱ።

የማድቤቱ ነገር በአንድ ቀን አይፈታም። ለእንጀራ ምጣድ የተሠራው ምርጥ ምድጃ ማገዶን በግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ ከሦስት ጉልቻም በጭስ ያንሳል። ደረቅ እንጨት መጠቀም፣ ከጣሪያው ሥር የጭስ መውጫ መክፈት፣ የሚያስለውን ሰው ከእሳቱ ማራቅ ሁሉም የሚችለው ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። «ፓፍ» የሚባለው የሚሳበው መድኃኒት ሱስ ያስይዛል የሚባለው ትክክል አይደለም። ይልቅ የሚያስፈራው ፕሪድኒሶሎንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ለወራት መዋጥ ነው። መጀመሪያ ተአምር የሠራ ይመስላል። ሲቆይ ግን የጭን ጡንቻን ይበላል፤ አጥንትንም ያሳሳል። ሚዛኑ ለደከመ ሰው ከዚህ የከፋ የለም፤ ሲወድቅ ይሰበራልና። ለረጅም ጊዜ የዋጠ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ በድንገት እንዳያቆም፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያውርድለት።

ከ2 ሳምንት በላይ ያሳለ ሰው በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ አክታውን ያስመርምር። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ከንፈሩ የጠቆረ፣ እግሩ ያበጠ፣ ደም የተፋ ወይም የሚያንቀላፋና የሚዘባርቅ ሰው ካለ ግን ለነገ የሚባል አይደለም፤ ያኑኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ሐኪሞች ልዩ ሥልጠና ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሰጠ በመሆኑ በአገሪቱ የባለሙያዎቹ ቁጥር ከቀድሞው ተሻሽሏል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል። ደሴ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ራጅና መድኃኒት ብቻ ጠይቆ አይመለስ፤ «ፊዚዮቴራፒ ይታዘዝልኝ ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ለዚህም የሚረዳ አንድ ሥራ ለልጆች እንስጥ። በትምህርት ቤት ደብተር አንድ ገጽ ላይ መስመር ይሠመር። አያት በየጠዋቱ ስንት ጊዜ ከወንበር እንደተነሡ፣ ከበር እስከ ጓሮ ስንት ዙር እንደሄዱ፣ በአንድ እግር ስንት ሴኮንድ እንደቆሙ ይጻፍ። የተንገዳገዱበት ወይም የወደቁበት ቀን ካለም ቀኑና ቦታው ይመዝገብ፤ ጉዳት ባይደርስባቸውም እንኳ። ሐኪሞች ስለ መውደቅ እምብዛም አይጠይቁም፤ አዛውንቶችም አፍረው አይናገሩም። በቀጠሮው ቀን ያ ገጽ ከሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።